ጠቅ ይላል፣ አይነሳም፦ ባትሪ ከመግዛትህ በፊት

ከድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር ለጠየቅከው ወንድማችን። ቶዮታ ቪትዝ መኪናህ ቁልፍ ስታዞር ጠቅ ይላል፣ ሞተሩ ግን አይዞርም፤ የዳሽቦርድ መብራት ደህና ይበራል ብለሃል። አንዱ መካኒክ ባትሪ ቀይር አለህ፣ ሌላው ሞተሪኖ (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው) ነው አለህ። አቦ፣ ለጊዜው ሁለቱንም ተዋቸው። ብርህንም ኪስህ ውስጥ አቆየው።

መጀመሪያ ድምፁን ለይ። ጠቅ ጠቅ ጠቅ ጠቅ እያለ በፍጥነት የሚደጋግም ከሆነ ኃይል አንሶታል። የሞተሪኖው ማግኔት (ኃይሉን የሚያገናኝለት ማብሪያ) ይስባል፣ ሞተሪኖው ኃይል ሲጠይቅ ቮልቴጁ ይወድቃል፣ ማግኔቱ ይለቃል፣ ከዚያ ደግሞ ይስባል። አንዴ ብቻ ጠንከር አድርጎ «ቋ» ብሎ ዝም ካለ ግን ሞተሪኖውን መጠርጠር ትጀምራለህ። ምንም ድምፅ ከሌለ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ማርሹን ኤን (N፣ ነጻ) ላይ አድርገህ ሞክር፣ ፊውዝና ሪሌይ አሳይ።

የዳሽቦርዱ መብራት አያታልልህ። እሱ የሚፈልገው ኢምንት ኃይል ነው፤ ሞተሪኖ ግን ሲነሳ ከ100 አምፒር በላይ ይስባል። ሲመሽ መኪናውን ግድግዳ ፊት አቁምና የፊት መብራቱን አብራ። ሰው ቁልፉን ያዙርልህ፣ አንተ ግድግዳውን እይ። ብርሃኑ ሊጠፋ እስኪደርስ ከደበዘዘ ችግሩ ባትሪው ወይም የባትሪው ራሶች (ገመዱ ባትሪው ላይ የሚታሰርባቸው) ጋ ነው። ብርሃኑ እንዳለ ሆኖ «ቋ» ብቻ ካለ ኃይሉ ሞተሪኖው ውስጥ እየገባ አይደለም።

ቴስተር (የቮልት መለኪያ) ካገኘህ መኪናው ባደረበት፣ ጠዋት ሳታስነሳው ለካ። 12.6 ቮልት አካባቢ ሙሉ ነው። ከ12 በታች ከሆነ ባዶ ነው በለው፤ ቻርጅ ሳታደርገው አትፍረድበት። ሙሉ ሆኖ ሳለ ቁልፍ ሲዞር ከ9.6 በታች ከወረደ ግን ያ ባትሪ አብቅቶለታል።

አሁን ዋናው። ኮፈኑን ክፈትና የባትሪውን ሁለት ራሶች በእጅህ ጠምዝዛቸው። መንቀሳቀስ የለባቸውም። ከዚራ ያለ ጎረቤቴ ለኮሮላው አዲስ ባትሪ ገዝቶ፣ መኪናው ያው ጠቅ ጠቅ ይል ነበር። ከላይ ሲያዩት ንጹህ ነው። የኔጌቲቩን ራስ ስይዘው በሁለት ጣት ዞረ። አውልቀን ብናየው ውስጡ ነጭና አረንጓዴ ዱቄት ለብሷል፣ እርሳሱ ጠቁሯል። ሙቅ ውሃ በቤኪንግ ሶዳ፣ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ፣ ትንሽ የብርጭቆ ወረቀት፣ ከዚያ በ10 ቁጥር ቁልፍ ጥብቅ። ቁልፉን አንዴ ሲያዞር ተነሳ። ኮካ የሚያፈሱበት ሰዎች አሉ፤ ዱቄቱን ያነሳል፣ ግን ስኳሩ አቧራ ይሰበስብልሃል፣ አቧራ ደግሞ ድሬ ላይ ሞልቶናል። ስትፈታ ኔጌቲቩን አስቀድም፣ ስታስር በመጨረሻ። ከባትሪው ወደ ቦዲና ወደ ሞተር የሚሄደውን የማሳ ገመድም ጫፍ አጽዳ፤ እሱን የሚያስታውሰው ሰው ጥቂት ነው።

ባትሪህን የሚገድለው ሙቀቱ ነው፤ ብርዱ ያጋልጠዋል እንጂ። ድሬ ላይ ሲነሳ የከረመ መኪና የደንገጎን ዳገት ወጥቶ ብርዱ ሐረር ሲያድር ጠዋት የሚለግመው ለዚህ ነው። ክዳን ያለው ባትሪ ከሆነ በየወሩ ውሃውን እይ። የባትሪ ውሃ ብቻ ጨምር። የቧንቧችን ውሃ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋግረውን ነጭ ቅርፊት ታውቀዋለህ፣ ያንን ባትሪህ ውስጥ አታስገባ።

በሌላ መኪና ባትሪ ስታስነሳ ቀዩን ከፖዘቲቭ ፖዘቲቭ አገናኝ። ጥቁሩን መጀመሪያ ከጤነኛው ኔጌቲቭ፣ ሌላውን ጫፍ ከባትሪህ ራቅ ያለ የሞተር ብረት ላይ እሰር። ባትሪ ጋዝ ያወጣል፣ እሳት ብልጭ ሲል ሊፈነዳ ይችላል። ቪትዝህ ደግሞ አውቶማቲክ ከሆነ የሰፈር ልጆችን ለግፊ አትጥራ፣ አይነሳም።

ከተነሳልህ ባትሪው ላይ እንደገና ለካ። ከ13.8 እስከ 14.5 ካሳየ ዲናሞው (ሞተሩ ሲሠራ ባትሪውን ቻርጅ የሚያደርገው) ይሞላል። 12 ላይ ከቀረ ቺንጋውን (ዲናሞውን የሚያዞረውን ቀበቶ) እና ዲናሞውን አሳይ፤ አለበለዚያ አዲስ ባትሪም ብትገዛ ነገ ያው ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር፦ ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ራስ ነቅሎ «ዲናሞህን ልፈትሽ» የሚል መካኒክ ካለ እጁን ያዘው። በድሮዎቹ ፔጆ 404ዎች ያስኬድ ይሆናል። የአንተ መኪና ኮምፒውተር አለው፣ በዚያች ቅጽበት የሚዘለው ቮልቴጅ ሊያቃጥለው ይችላል።

ባትሪውም ራሶቹም ደህና ሆነው «ቋ» ካላቆመ ሞተሪኖው ይፈታ። ሰው የማስነሻ ቁልፉን አዙሮ ይዞ፣ ሞተሪኖውን በብረት ቀስ አድርጎ መታ መታ ሲያደርጉት ከተነሳ ካርቦኑ አልቋል ማለት ይሆናል፤ ማርሹ ፒ (P፣ ፓርኪንግ) ላይ፣ የእጅ ፍሬኑ ተስቦ ይሁን። ቶዮታ ላይ ግን ብዙ ጊዜ የሚያልቁት ማግኔቱ ውስጥ ያሉት ሁለት የመዳብ ኮንታክቶች ናቸው። ለብቻቸው ይቀየራሉ። «ሙሉ ሞተሪኖ ግዛ» ከማለቱ በፊት ክፈትና አሳየኝ በለው፤ ከቀየረም አሮጌዎቹን ተቀበለው።