ላሚኔት ከመነጠፉ በፊት ሊሾው ይድረቅ

ጥያቄ፦ ቤታችን ባሕር ዳር ነው። የሳሎኑ ሊሾ በቀጥታ መሬት ላይ ያረፈ ነው። ላሚኔት ልናነጥፍበት አስበናል፤ ወለሉን እንዴት እናዘጋጀው?

መልስ፦ ከሁሉ በፊት የሚያሳስበን እርጥበት ነው። ክረምቱን ሙሉ ውኃ የጠጣ መሬት እርጥበቱን በሊሾው ውስጥ ወደ ላይ ያወጣዋል። የላሚኔት ውስጡ የተጨመቀ የእንጨት ድቃቂ ስለሆነ እርጥበት ሲያገኘው ያብጣል፤ አንዴ ካበጠ አይመለስም። ስለዚህ 1 ሜትር በ1 ሜትር የሆነ ላስቲክ ሊሾው ላይ ዘርግታችሁ ዙሪያውን በፕላስተር አሽጉ። ከ2 ቀን በኋላ ስትገልጡት ከሥሩ ጤዛ ካለ ወይም ሲሚንቶው ከጠቆረ አልደረቀም ማለት ነው። መሃሉንም ጥጉንም ፈትሹ። ሊሾው አዲስ ከሆነና 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ካለው ቢያንስ 2 ወር ይቆይ፤ በክረምት ከዚያም በላይ። ግድግዳው ሥር ውኃ የሚቋጠር ከሆነ ግን መጀመሪያ የውጭው ቦይ ይሠራ፤ ላስቲክ ብቻውን አያድናችሁም።

ቀጥሎ 2 ሜትር ስታጃ (ቀጥ ያለ የማስተካከያ ዘንግ) ወለሉ ላይ አጋድሙ። ከሥሩ ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ክፍተት ካለ ጉብታውን ፈግፍጉ፣ ጎድጓዳውን ሙሉ። አለበለዚያ ወለሉ ሲረገጥ እየወረደ እየተነሳ የላሚኔቱ ጣውላዎች እርስ በርስ የሚያያዙበት መቆለፊያ ይሰበራል።

ጠርጋችሁ 0.2 ሚሊ ሜትር ላስቲክ አንጥፉ፤ መደራረቢያው 20 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ይታሸግ። በላዩ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ፎም ይበቃል፤ ወፍራም ፎም ለእግር ቢመችም መቆለፊያውን ይጎዳል። ላሚኔቱን ከነካርቶኑ 48 ሰዓት ክፍሉ ውስጥ አቆዩት፤ ስትገጥሙም በግድግዳው ዙሪያ 10 ሚሊ ሜትር ክፍተት ተዉ።