ልጆቼ፣ ዮጋን ለምን ትሸሻላችሁ?

ፊዚዮቴራፒስት ሆኜ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ወገቡን የያዘው፣ አንገቱ አልዞር ያለው ሁሉ እኔ ጋ ይመጣል። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ ጂም የሚያዘወትሩ፣ ደረታቸው የሰፋ ጎረምሶች በዝተዋል። ይህን የምጽፈው ለእነሱ ነው።

እንዲህ ያለውን ልጅ በጀርባው አስተኛዋለሁና አንዱን እግሩን ቀጥ አድርጎ ወደ ላይ እንዲያነሳ እነግረዋለሁ። ግማሽ ሳይደርስ ጉልበቱ ይታጠፋል። ጥርሱን ይነክሳል፣ ትንፋሹን ይይዛል፣ አንገቱ ላይ ያለው ሥር ይገተራል። ያን ሁሉ ብረት የሚያነሳ ልጅ የገዛ እግሩን ማንሳት ያቅተዋል። "ዮጋ ብትሞክርስ?" ስለው ይስቃል። "ኧረ ጋሼ፣ እሱ እኮ የሴት ነው!"

ከየት እንዳመጣችሁት ይገባኛል። ማስታወቂያው ላይ ያለችው ሁሌም ቀጭን ሴት ናት። በውጭም ነገሩ ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 በአሜሪካ በተሰበሰበ ብሔራዊ የጤና መረጃ መሠረት፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ዮጋ የሠሩት ከ100 ሴቶች 23 ያህሉ ሲሆኑ፣ ከ100 ወንዶች ግን 10 ያህሉ ብቻ ናቸው።

ታሪኩን ብታዩት ግን ትገረማላችሁ። በህንድ ለረጅም ዘመን ዮጋን የሚያስተምሩትም የሚማሩትም በአብዛኛው ወንዶች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በደቡብ ህንድ፣ በማይሶር ቤተ መንግሥት ያስተምሩ የነበሩት የዮጋ መምህር ክሪሽናማቻርያ፣ ኢንድራ ዴቪ የምትባል ሴት ልማር ብላ ስትመጣ መጀመሪያ እምቢ ብለዋታል። የማይሶሩ ንጉሥ፣ ማሃራጃው፣ አማልደው ነው የገባችው። በኋላ ሆሊውድ ሄዳ፣ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጨረሻ የራሷን ትምህርት ቤት ከፈተች፤ ታዋቂ ተዋናዮችም ተማሩባት። "የሴት ነው" የምትሉት ነገር ገና የትናንት ነው።

እኔ እንደማየው የሚያሸሻችሁ ሌላ ነው። ጂም ስትገቡ የምትቆጥሩት አላችሁ፤ ዛሬ ይህን ያህል ኪሎ፣ ነገ ደግሞ ጨምሩበት። ዮጋ ላይ የሚቆጠር ኪሎ የለም፤ ለጓደኛ የሚታይ ክንድም አያወጣም። በዚያ ላይ የወንድ ሰውነት በአማካይ ከሴት ይልቅ ግትር ነው። አጠገባችሁ ያለችው ልጅ ጎንበስ ብላ የእግር ጣቷን ስትነካ፣ እናንተ ጉልበታችሁ ላይ ትቀራላችሁ። ጠንካራ ነኝ ብሎ ለኖረ ልጅ ይህ ከባድ ነው። ብዙዎቻችሁ ከመጀመሪያው ቀን በኋላ የማትመለሱት በዚህ ይመስለኛል። ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም በጣም የሚያስፈልገው ለእናንተ ነው።

የማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊዎች፣ ተጫዋቹን ራያን ጊግስን ታውቁታላችሁ። የጭኑ የኋላ ጡንቻ እየተጎዳ መከራውን ያሳየው ነበር። ዮጋ ጀመረ፤ 40 ዓመት ሞልቶትም ሜዳ ላይ ነበር፤ ለዚህም ዮጋን ሲያመሰግን ይሰማል። የአሜሪካ የሐኪሞች ኮሌጅ የሚባለው የሐኪሞች ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መመሪያ፣ ለቆየ የወገብ ሕመም ከመድኃኒት በፊት ይሞከሩ ካላቸው ነገሮች አንዱ ዮጋ ነው።

የእምነት ጥያቄ ያለባችሁም አላችሁ። በቀላሉ የማየው ነገር አይደለም። ዮጋ ከህንድ መንፈሳዊ ሕይወት የወጣ ነው። ኅሊናችሁ ካልፈቀደ ከንስሐ አባታችሁ ወይም ከሃይማኖት አስተማሪያችሁ ጋር ተመካከሩ። ማሳሳቡንና የአተነፋፈስ ልምምዱን ብቻ ከፊዚዮቴራፒስት መማርም ትችላላችሁ።

ለመሞከር የቆረጠ ደግሞ ከኋላ መስመር ይያዝ። ስትቀመጡ ወገባችሁ ከጎበጠ ጋቢ አጥፋችሁ ከመቀመጫችሁ ሥር አድርጉ። እግር ስታነሱ እጃችሁ ካልደረሰ ቀበቶ በውስጥ እግራችሁ አዙራችሁ ያዙ። ጉልበት ቢታጠፍ ምንም አይደለም። ትንፋሻችሁን ከያዛችሁ ግን ከአቅማችሁ በላይ ሄዳችኋል ማለት ነው፤ ትንሽ መለስ በሉ፣ አየሩን ቀስ ብላችሁ አውጡ። ግፊት ያለበት ሰው በጭንቅላት መቆም የሚባለውን ይተወው። ጡንቻ ሲሳሳብ የሚሰማው ስሜት የተለመደ ነው። ከወገብ ተነስቶ እስከ እግር ጣት የሚወርድ፣ የሚነዝር ሕመም ከመጣ ግን እዚያው አቁሙና ተመርመሩ።