ጺምና ሰው ሠራሽ ጠባሳ፦ አጣብቆ ማዋል፣ ቆዳ ሳይልጡ ማንሳት (ጥያቄና መልስ)

ጥያቄ፦ የመድረክ ጺም ስፒሪት ገም በሚባለው የሜካፕ ሙጫ አጣብቃለሁ፤ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ዳር ዳሩ ይነሳል። ምኑ ላይ ነው ስህተቴ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ የፊትን ወዝ በአልኮል ጠርገህ በደንብ ይድረቅ። ሁለተኛ፣ ሙጫው ገና ፈሳሽ እያለ ትጭናለህ ማለት ነው። በስሱ ቀባና በጣትህ ጫፍ ደጋግመህ ነካ ነካ አድርገው። መጀመሪያ ያንሸራትታል፤ ቆይቶ ጣትህን ስታነሳ ቀጭን ክር እየሳበ ይከተልሃል። ጺሙን የምታሳርፈው ያኔ ነው። ከዚያ በረጠበ፣ ክር በማይለቅ ጨርቅ 30 ሰከንድ ያህል ተጫነው። በባዶ ጣት ከተጫንከው ሙጫው በሌሱ (ጸጉሩ በተሰካበት ስስ መረብ) ቀዳዳ ይወጣና መብራት ሲያርፍበት ያብለጨልጫል።

ጥያቄ፦ ለጠባሳ የምጠቀምበት ፕሮስ-ኤይድ የተባለው ሙጫስ እንደዚያው ነው?

መልስ፦ አይደለም። እሱ በውሃ የተበጠበጠ አክሪሊክ ነው፤ ሲቀባ እንደ ወተት ይነጣል፣ ሲደርቅ ይጠራል። ነጭነቱ ሳይጠፋ ከተገጠመ ውሃው ሥር ታፍኖ ይቀርና ጠባሳው በላብ ይንሸራተታል። ቆዳውንም የጠባሳውን ቁራጭም ቀቢ፤ ሁለቱም ሲጠሩ ግጠሚ። አንዴ ከተነካካ ማስተካከል ስለሚያስቸግር መሃሉን አስቀድመሽ ወደ ዳር ሂጂ። ተርፎ የሚያጣብቀውን ጠርዝ ፓውደር አድርጊበት።

ጥያቄ፦ ሱፐር ግሉ ቢሆንስ? ርካሽ ነው።

መልስ፦ በፍጹም! ቆዳ ላይ አይደረግም። ጥጥ ወይም የጥጥ ልብስ ላይ ከፈሰሰ በቅጽበት ግሎ ያቃጥላል። ዓይን ከነካ በብዙ ውሃ እያጠባችሁ ወደ ሐኪም ሂዱ፤ አሴቶን ወደ ዓይን እንዳይጠጋ።

ጥያቄ፦ ስናነሳ የተዋናዩ ፊት ቀልቶ ያድራል።

መልስ፦ ስለምትጎትቱት ነው። ሙጫው ራሱ መልቀቅ አለበት። አይሶፕሮፒል ሚሪስቴት ያለበት ማስለቀቂያ ግዙ፤ ዘይታማ ስለሆነ ቆዳን አያደርቅም። ጠፍጣፋ ብሩሽ ነክራችሁ ከአንድ ጠርዝ ጀምሩ፣ ብሩሹን ከሥር አስገቡና ጠብቁ። ጠርዙ ሲላላ ብሩሹ በራሱ ወደፊት ይገባል፤ እጃችሁ ቁራጩን ደገፍ ከማድረግ ያለፈ ሥራ የለውም። ከቆመ እንደገና ነክሩ። ለሙሉ ጺም ከ10 እስከ 15 ደቂቃ መድቡ፤ ተዋናዩ ቢቸኩልም እናንተ አትቸኩሉ። መጨረሻ ላይ ፊቱን በሳሙና አጥቡ፤ የቀረ ዘይት ካለ የነገው ሙጫ አይዝም።

99 በመቶ አልኮልም ስፒሪት ገምን ያሟሟል፤ አዲስ የተላጨ ፊት ላይ ግን ያንገበግባል። እሳትና ሲጋራ ባለበት ጠርሙሱን አትክፈቱት።

ጥያቄ፦ ቆዳዬ ቶሎ ይቆጣል።

መልስ፦ ከ24 ሰዓት በፊት ሙጫውንም ማስለቀቂያውንም ክንድሽ ውስጠኛ ክፍል ላይ ሞክሪ። የላቴክስ (የተፈጥሮ ጎማ) አለርጂ ካለብሽ የዐይን ሽፋሽፍት ሙጫ ውስጥም ላቴክስ ሊኖር ስለሚችል ማሸጊያውን አንብቢ።

ጥያቄ፦ ጺሙን ለሌላ ቀን እንዴት ላቆየው?

መልስ፦ ሌሱን ወደ ላይ አድርገህ ወረቀት ፎጣ ላይ አስተኛው፤ አልኮል በነካ ጠንካራ ብሩሽ ከላይ ምታው እንጂ አትፈትገው፣ መረቡ ይቀደዳል። ሙጫው ወደ ወረቀቱ ይወርዳል። ወረቀቱ ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ እየቀየርክ ድገመው።