«ለጉብኝት አልመጣንም» ይሉናል

ለተከበሩ የምክር አምድ አዘጋጅ፦

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። በአዲስ አበባ በምትገኝ አንዲት ቤተ ክርስቲያን በድራማ ቡድን የማገለግል ወጣት ነኝ። ቡድናችን ክፍለ ሀገር እየወጣ መንፈሳዊ ድራማ ያቀርባል፤ አብዛኛውን ጊዜ የምንላከውም ወደ አርባ ምንጭና አካባቢዋ ነው። አገልግሎቱን ከልቤ እወደዋለሁ፤ ትዕግሥቴን ያስጨረሰኝ የቡድኑ መሪ ጉዞውን የሚመሩበት መንገድ ነው።

ቀኑን ሙሉ ተጉዘን አርባ ምንጭ እንገባለን። አባያና ጫሞ ተንጣለው፣ የእግዜር ድልድይ በመካከላቸው እየታየን፣ የእኛ ሚኒባስ ግን ከማደሪያችን ወደ አዳራሽ፣ ከአዳራሽ ወደ ማደሪያችን ብቻ ይመላለሳል። ለከተማዋ ስም የሰጧትን ምንጮች እንኳ ጫካው ድረስ ወርደን አላየንም። በጫሞ ላይ በጀልባ ሄደን አዞዎቹን እንይ ብለን ስንጠይቅ፣ መልሳቸው ሁልጊዜ «ለአገልግሎት እንጂ ለጉብኝት አልመጣንም» የሚል ነው። ኮንሶ በተጋበዝን ጊዜም እ.ኤ.አ. በ2011 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበውን የድንጋይ እርከን ያየነው በመኪና መስኮት ነው። ምግባችን ደግሞ ከአዲስ አበባ ተጭኖ የሚሄድ ዳቦ፣ ቱናና ብስኩት ነው። ትኩስ ዓሣ በየደጁ በሚጠበስበት ከተማ ተቀምጠን ዓሣ ከቆርቆሮ እናወጣለን፤ ለዚህም የሚሰጠን ምክንያት ሆዳችን ታምሞ ከመድረክ እንዳንቀር የሚል ነው።

እኔ ቅንጦት የምሻ ሰው አይደለሁም። ነገር ግን እግዚአብሔር የፈጠረውን ውበት ማየት ኃጢአት የሚሆንበት ምክንያት አይገባኝም። ባለፈው ጊዜ ዶርዜ ላይ ድራማውን ካቀረብን በኋላ የአጥቢያዋ እናቶች ቆጮና ዳጣ አዘጋጅተው ጠበቁን፤ መሪያችን ጾም ላይ መሆናችንን ነግረዋቸው በጊዜ ወጣን፣ ምሳችንንም መንገድ ላይ በላን። ከዚያ ቁልቁለቱን ስንወርድ አባያ ወለል ብሎ የሚታይበት ቦታ ላይ ለፎቶ አምስት ደቂቃ እንድንቆም ብንለምናቸው እምቢ አሉን። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ከመስቀል በኋላ ወደዚያው እንሄዳለን። እኔና ሁለት ጓደኞቼ ከመጨረሻው መርሐ ግብር በኋላ በራሳችን ወጪ አንድ ቀን ለመቅረት አስበናል፤ ለመሪያችንም ዘመድ ልንጠይቅ ነው እንላቸዋለን። ይህ ከአገልግሎት መኮብለል ይሆንብን ይሆን? ወይስ እንዲህ ከማድረግ ቡድኑን ትቼ ብወጣ ይሻላል?

ግራ የገባኝ ተዋናይት

መልስ

ውድ እህቴ፦

ፎቶ ሳትነሺ በመቅረትሽ እስከ ዛሬ ስትንገበገቢ፣ «ጾም ላይ ነን» ተብሎ የተተወውን ማዕድ ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር አልፈሽዋል። እኔ ከደብዳቤሽ ማለፍ ያቃተኝ ይህን ነው።

ቆጮ በዚያ ጠዋት ታስቦ በዚያው ጠዋት የሚደርስ ምግብ አይደለም። እንሰቱ ለዓመታት ካደገ በኋላ ይቆረጣል፤ ሴቶች ዘንበል ባለ ሳንቃ ላይ ዘርግተው በቀርከሃ ይፍቁታል፤ የተፋቀው በእንሰት ቅጠል በተሸፈነ ጉድጓድ ውስጥ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይብላላል፤ ከዚያም ይጨመቃል፣ ቃጫው እስኪደቅ በቢላዋ ይከተከታል፣ ይጋገራል። እነዚያ እናቶች ይህን ሁሉ ድካም ፊታችሁ አቀረቡ። እናንተ ደግሞ ስለ ወንጌል ተናግራችሁ ከመድረክ እንደ ወረዳችሁ ዋሻችኋቸው፣ ጥቂት ራቅ ብላችሁም ብስኩታችሁን ከፈታችሁ። መሪያችሁ ሆዳችሁን ፈርተው ከሆነ «ገና ረጅም መንገድ ስላለብን አንድ አንድ ጉርሻ እንቅመስ» ማለት ይችሉ ነበር፤ ማንም አይቀየማቸውም። ጾምን ለእንዲህ ያለ ነገር መሸፈኛ ማድረግ ግን በጣም አሳዝኖኛል። ጌታ ሰዎቹን ሁለት ሁለት አድርጎ ሲልክ በሚቀበሏቸው ቤት የቀረበላቸውን እንዲበሉ ማዘዙን በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10 እናነባለን። እንግዳ የቀረበለትን መብላቱ የመልእክቱ አካል ነው ብዬ አምናለሁ፤ ከድራማው ያላነሰ።

አሁን ደግሞ አንቺ «ዘመድ ልንጠይቅ ነው» ልትዪ ነው። የተቆጣሽባቸውን ሰው ዘዴ ተምረሽ መልሰሽ በእሳቸው ላይ ልታውዪው መሆኑን ልብ በዪ።

መሪያችሁን ሙሉ በሙሉ አልኮንናቸውም። አንድ ተዋናይ ቢታመም ድራማው እንደሚሰናከል አውቃለሁ፤ የቤተ ክርስቲያን ገንዘብ ለጀልባ እንዳይውል መጠንቀቃቸውም ተገቢ ነው። ለሆድ ሕመም ግን መፍትሔው ከማዕድ መሸሽ አይደለም። አዲስ ምግብ ከመድረክ በፊት ሳይሆን በኋላ፣ በጥቂቱ፣ ከእሳት እንደ ወረደ በትኩሱ ይበላል፤ ያልተፈላ ውኃና ያልበሰለ አትክልት ይቅር። ቆጮ መኮምጠጡ በመብላላቱ ነው እንጂ ስለ ተበላሸ አይደለም። አስቀድማችሁ ለአጥቢያዋ ብትነግሩ ደግሞ የምግቡ ሰዓት ከመርሐ ግብሩ ጋር ይስማማል።

ስለ ጉብኝቱም ከአንቺ ጋር እቆማለሁ፤ አንቺ ካቀረብሽው በተለየ ምክንያት ቢሆንም። ዶርዜ ላይ ወንዱ እግሮቹን ወደ ጉድጓዱ ሰድዶ ሲሸምን፣ ሴቷ በእንዝርት ስትፈትል ብታዪ፣ እጅና እግር፣ ዓይንና ትንፋሽ እንዴት እንደሚቀናጁ ትመለከቻለሽ፤ ይህ ለተዋናይ ትምህርት ነው። ከቀርከሃ የተሠራው ቤታቸው ታችኛው ክፍል በምስጥ ሲበላ ተቆርጦ እንደሚያጥር፣ ሲያስፈልግም ሰው ተረባርቦ አንሥቶ ወደ ሌላ ቦታ እንደሚያዛውረው ባለቤቱ ሲያስረዳሽ ደግሞ ለማን እንደምትጫወቺ ታውቂያለሽ። ከመስኮት እያየ የሚያልፍ ቡድን ተመልካቾቹን ሳያውቃቸው ይናገራቸዋል። ለዚህም ነው ጉብኝቱ በሚያስተናግዷችሁ ሰዎች መሪነት ቢሆን የምመርጠው፤ ከአዞዎቹም በፊት የሸማኔው ቤት ይቅደም።

ስለዚህ ከቡድኑ አትውጪ። አንድ ቀን መቅረታችሁም መኮብለል አይሆንም፣ በግልጽ እስከ ተነገረ ድረስ። ከጉዞው በፊት መሪያችሁን ብቻቸውን አነጋግሪያቸው፤ የጾሙን ነገርም አንሺባቸው፤ ለእናቶቹ እውነቱን ተናግሮ ይቅርታ የሚጠይቀው ሌላ ሰው ሳይሆን እሳቸው ቢሆኑ እንደሚሻል በአክብሮት ንገሪያቸው። እንቢ ካሉ፣ የቀራችሁበት ቀን ሲደርስ ሦስታችሁ መጀመሪያ ወደ ዶርዜ ውጡ፤ ጾም ላይ እንዳልነበራችሁ፣ ዝም ብላችሁ በመሄዳችሁም እንዳዘናችሁ ንገሯቸው፤ የሚያቀርቡላችሁንም ተቀምጣችሁ ብሉ። መሪያችሁ በራሳችሁ ወጪ መቅረትንም ከከለከሉ፣ ጉዳዩን ሳትነሡ ለሽማግሌዎች አቅርቡ እንጂ እዚያ ደርሳችሁ በሠራተኞችና በአስተናጋጆች ፊት አትከራከሩ። ወደ ጫሞ የምትሄዱት ከዚያ በኋላ ነው፤ የጀልባውንም ከኪሳችሁ ክፈሉ።