ስለ ሴናተር ሳምራ ብሩክ፦ የጠየቃችሁኝና የመለስኩት

ሰሞኑን ስለ ኒው ዮርኳ ሳምራ ብሩክ የሚጠይቀኝ ሰው በዝቷል። ለእያንዳንዱ ለየብቻ ከምጽፍ እዚህ ሰብሰብ አድርጌ ልመልስ።

ዋሽንግተን ያለው ሴኔት ውስጥ ናት እንዴ?
አይደለችም። የምትሠራው በኒው ዮርክ ስቴት ዋና ከተማ በአልባኒ ነው። ስቴቱ የራሱ ምክር ቤት አለው፤ 63 ሴናተሮችና 150 የታችኛው ምክር ቤት አባላት። እሷ የምትወክለው 55ኛውን ወረዳ ነው፤ የሮቸስተርን ምሥራቃዊ ክፍልና በዙሪያው ያሉ ከተሞችን። ስለ ቪዛ እሷን ብትጠይቁ ሕጉን ማውጣት አትችልም። የትምህርት ቤት በጀት፣ ሜዲኬድ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች የሚሰጠው የመንግሥት የጤና መድን)፣ የቤት ኪራይ ሕግ ግን በቀጥታ ይመለከታታል።

ሐበሻ ናት?
አባቷ ከኢትዮጵያ የመጡ ናቸው። እሷ ያደገችው እዚያው ሮቸስተር አካባቢ ነው። ዊሊያምስ ኮሌጅ ተማረች፣ ከዚያ በፒስ ኮር፣ የአሜሪካ መንግሥት በጎ ፈቃደኞችን ወደ ውጭ አገር በሚልክበት ፕሮግራም፣ ጓቲማላ ሄዳ አገለገለች። በ2020 ተወዳድራ በሪፐብሊካን እጅ የነበረውን ወንበር ለዲሞክራቶች አስገኘች።

ስሟን እንሰማለን፣ ግን ምን ሠራች?
ከሁሉም በላይ የዳንኤል ሕግ የሚባለውን። ዳንኤል ፕሩድ የ41 ዓመት ሰው ነበር፣ ወንድሙን ሊጠይቅ ከቺካጎ ሮቸስተር መጣ። በማርች 2020 አእምሮው ታወከና ሌሊት ከቤት ወጥቶ ሮጠ። ወንድሙ እርዳታ ፈልጎ ወደ አስቸኳይ ጊዜ ስልክ 911 ደወለ። የመጡት ፖሊሶች ናቸው። በዚያ ብርድ ራቁቱን መንገድ ላይ በካቴና አስረው፣ ምራቅ መከላከያ ከረጢት ጭንቅላቱ ላይ አጥልቀው መሬት ላይ ተጫኑት፣ ከሳምንት በኋላ ሆስፒታል ውስጥ ሞተ። ፖሊሶቹ የለበሱት ካሜራ የቀረጸው ቪዲዮ ለሕዝብ የወጣው ሴፕቴምበር ላይ ነው። ሳምራ ምክር ቤት እንደገባች የአእምሮ ጤና ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆነች፣ ረቂቅ ሕጉንም አቀረበች። ሐሳቡ፣ አእምሮው ለታወከ ሰው ሲደወል ቀድመው የሚደርሱት በሙያው የሠለጠኑ የጤና ሰዎችና ራሳቸው በዚህ ያለፉ ሰዎች ይሁኑ ነው። መጀመሪያ ጉዳዩን የሚያጠና ግብረ ኃይል ተቋቋመ፣ በ2025 ደግሞ ለሙከራ የሚሆን ገንዘብ በስቴቱ በጀት ገባ።

ይሄ ፖሊስን መጥላት አይሆንም? ሰውየው ቢላ ቢይዝስ?
ጥያቄው ተገቢ ነው፣ የሚቃወሙትም የሚያነሱት ይሄንኑ ነው። አደጋ ሲኖር ፖሊስ አይምጣ ያለ የለም። እኔ ግን ሕጉን እደግፋለሁ፣ ምክንያቴም የራሳችን ቤት ነው። እኛ ዘንድ የታመመ ልጅ ሲኖር ሰው እንዳይሰማ ይደበቃል፣ ጠበል ይወሰዳል፣ ነገሩ ከአቅም በላይ ሲሆን እናት በጭንቀት በተሰባበረ እንግሊዝኛ 911 ትደውላለች። በር ላይ የሚቆመው ማን እንደሆነ ለዚያ ልጅ የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነው።

ፓርቲ ውስጥ ሳልመዘገብ ፕራይመሪ (ፓርቲው እጩውን የሚመርጥበት ቅድመ ምርጫ) ላይ መምረጥ እችላለሁ?
ኒው ዮርክ ውስጥ አትችልም። በፓርቲው የተመዘገበ ብቻ ነው የሚመርጠው። ፓርቲ መቀየር ከፈለግህ ፕራይመሪው በሚደረግበት ዓመት እስከ ፌብሩዋሪ 14 ጨርስ። የሳምራ ወንበር በየሁለት ዓመቱ ለምርጫ ይቀርባል።

እኔ ግሪን ካርድ ነው ያለኝ፣ ልመዝገብ?
እህቴ፣ በፍጹም! ዜጋ ሳትሆኚ ብትመዘገቢ ዜግነትሽን ሊያስከለክል ይችላል። ችግር ካለሽ ግን ወደ ሴናተር ቢሮ መደወል የዜግነት ወረቀት አይፈልግም። ወረዳው ውስጥ መኖርሽ ይበቃል፤ አድራሻሽን ንገሪያቸውና ጉዳይሽን አስረጂ።