«ቻይው» ሲሉሽ የቱን?

ጥያቄ፦ የ34 ዓመት ሴት ነኝ። ከባለቤቴ ጋር ከተጋባን 9 ዓመት ሆኖናል፤ የ7 ዓመት ወንድና የ4 ዓመት ሴት ልጅ አሉን። ስንጋባ ሁለታችንም ኦርቶዶክስ ነበርን፤ ልጆቹም በ40 እና በ80 ቀናቸው ተጠምቀዋል። ከ3 ዓመት በፊት ባለቤቴ ፕሮቴስታንት ሆነ። ቤቴ እንዳይፈርስ ብዬ ዝም አልኩ። በጾም ሥጋ ሥሪልኝ ሲለኝም ሠርቻለሁ። ባለፈው ወር ከሥራ ስመለስ ሳሎን የነበረውን የእመቤታችንን ሥዕል አውርዶ ካርቶን ውስጥ ከትቶት አገኘሁ። ስጮህበት «ትንሽ ቶለራንት ሁኚ እንጂ!» አለኝ። እኔም በንዴት ልጆቹ ፊት «መናፍቅ» አልኩት። እናቴ «ልጄ፣ ቻይው፤ ትዳር መቻል ነው» ትለኛለች። አሁን ሲበላ የሚያሰማው ድምፅ እንኳ ያስጠላኛል። እውነት አለመቻል የእኔ ችግር ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ እናትሽና ባለቤትሽ አንድ ነገር የመከሩሽ ይመስላል። በእርግጥ ሁለቱም ቃላት መሸከም የሚል ፍቺ አላቸው። ባለቤትሽ የተጠቀመበት የፈረንጅ ቃል ከላቲን የመጣ ሲሆን መሸከም፣ መታገሥ ማለት ነው። የእኛው «ቻለ» ግን ከዚያ ይሰፋል። ብርድ የማይችል ሰው እንላለን። የቤት ኪራዩን እሷ ትችላለች እንላለን። ልጁ ራሱን ቻለ እንላለን፤ እግዚአብሔርንም ሁሉን ቻይ ብለን እንጠራለን። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ አቅም አለ። ቻይ የሚባለው ማድረግም መተውም እየቻለ የሚሸከም ሰው ነው። «ብናገር ቤቴ ይፈርሳል» ብሎ በፍርሃት አፉን የዘጋ ሰው ግን ምርጫ አጥቶ ነው የተሸከመው፤ ያንን ቻይነት ብለን ስናሞግሰው እንበድለዋለን።

«መቻቻል» ደግሞ ሌላ ቃል ነው። እንደ መደማመጥ፣ እንደ መከባበር፣ እንደ መተጋገዝ ያለ የእርስ በርስ ቃል ነው፤ አንድ ሰው ብቻውን ሊደማመጥ እንደማይችል ሁሉ ብቻውን ሊቻቻልም አይችልም። በደብዳቤሽ ውስጥ የሚታየኝ አንቺ 3 ዓመት እንደቻልሽ ነው። ሁለታችሁ ግን ገና መቻቻል አልጀመራችሁም።

ዝም ስትዪ ለቤትሽ አስበሽ እንደሆነ አምናለሁ። ነገር ግን ባለቤትሽ ከዝምታሽ የተረዳው «አልከበዳትም» የሚል ነው። ሥጋውን አንድም ቃል ሳይወጣሽ ስትሠሪለት ምን እየከፈልሽ እንደነበር የሚያይበት መንገድ አልነበረውም። አንቺ ግን ሒሳቡን በሆድሽ ትይዢ ነበር። ሆድ ይፍጀው የተባለ ነገር ደግሞ በሌላ በኩል ይወጣል፤ ትልቁን ነገር መናገር ያልቻለ ሰው በትንሹ ይበሳጫል፦ በማኘክ ድምፅ፣ በበር አዘጋግ፣ በጫማ አጣጣል። ስለዚህ የድምፁ ማስጠላት ፍቅርሽ ማለቁን አያረጋግጥም። ያልተነገረው ተጠራቅሞ መውጫ እየፈለገ ነው።

አንድ ነገር አስቀድመሽ ብታውቂ ይቀልሻል። ጆን ጎትማን የተባለው አሜሪካዊ የትዳር ተመራማሪ ባለትዳሮችን ለረጅም ዓመታት ተከታትሎ፣ ከሚያጋጯቸው ጉዳዮች 69 በመቶ የሚሆኑት ፈጽሞ የማይፈቱ፣ ከሰዎቹ ማንነት የሚመነጩ ልዩነቶች መሆናቸውን አግኝቷል። የእናንተም የእምነት ልዩነት ከዚህ ወገን ነው። በክርክር ለመፍታት የምትሞክሩት ከሆነ ትደክማላችሁ እንጂ አትፈቱትም። አንድሪው ክሪስተንሰንና ኒል ጃኮብሰን የቀረጹት የጥንዶች ሕክምና ደግሞ መቻልን እንደ አንድ የሚሠለጠን ክህሎት ይወስደዋል። እዚያ መቻል ማለት መውደድ አይደለም፤ የሌላው ድርጊት አሁንም እየከበደኝ ግን እንዳያቆስለኝ አቅሜን ማጠንከር ነው። አንዱ መንገድም ደስታዬንና እረፍቴን ሁሉ በዚያ ሰው ላይ ብቻ አለመጣል ነው። ማኅበርሽን፣ ጓደኞችሽን፣ የራስሽን የጸሎት ጊዜ በዚህ ጠብ ምክንያት ትተሽ ከሆነ መጀመሪያ እነሱን መልሺ።

እንግዲህ የማይቻለውን ከሚቻለው እንለይ። ባለቤትሽ በሌላ ቤተ ክርስቲያን ማምለኩ ልዩነት ነው፤ ቢያምም የሚቻል ነው። በጾም አንቺ ሥጋ እንድትሠሪለት መጠየቁ ሸክም መጫን ነው፤ በስምምነት ይስተካከላል። ሥዕሉን ሳይነግርሽ ማውረዱ ግን ድንበር ማለፍ ነው። እሱን «ቻይው» የሚልሽ ሰው ተሳስቷል፤ እናትሽም ብትሆን።

ከሥዕሉ እንጀምር። ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው፦ መጀመሪያ ወደ ቦታው ይመለስ፣ ከዚያ የት ይሁን በሚለው ተነጋገሩ። ካርቶን ውስጥ እያለ ከተደራደራችሁ፣ ሳይጠይቁ ማድረግ እንደሚያዋጣ ትማራላችሁ፤ ነገ ተራው የአንቺ ይሆናል። ስትነጋገሩም ሥዕሉ ለእሱ ምን እንደሆነ ጠይቂው። አንቺን ለመናቅ ያደረገው ሊመስልሽ ይችላል። ግን በአዲሱ እምነቱ ሥዕል ፊት መጸለይ ኅሊናውን የሚከብደው ነገር ሊሆን ይችላል። ይህ ማውረዱን ትክክል አያደርገውም፤ ንግግሩን ግን ከንቀት ወደ ጭንቀት ያወርደዋል። በብዙ ቤት እንደሚደረገው ሥዕሉን በመጋረጃ መሸፈንና በጸሎት ሰዓት መግለጥ፣ ወይም ለጸሎት የተለየ ጥግ ማዘጋጀት ሁለቱንም ወገን የሚያስማማ ነው። መርጠሽ ካደረግሽው መሸነፍ አይደለም።

ወጥ ቤቱ የበለጠ ዝርዝር ይፈልጋል፤ ምክንያቱም ሥዕል አንድ ጊዜ ይወርዳል፣ ምግብ ግን በየቀኑ ይበላል። ዓቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ፍልሰታ፣ የነቢያት ጾም፣ ረቡዕና አርብ ሲጨመሩ ከዓመቱ ትልቅ ክፍል ይሆናል። «በጾም ጊዜ እንከባበር» የሚል ጥቅል ስምምነት በሳምንቱ ይፈርሳል። እስከ ድስቱ ድረስ በዝርዝር ተነጋገሩ። በጾም የፍስክ ምግብ የሚሠራው ማን ነው? እኔ የምመክረው እሱ ራሱ ይሥራ ወይም ውጭ ይብላ ነው፤ አንቺ ተርበሽ ቅቤ እያነጠርሽ ፈገግ እንድትዪ መጠበቅ ከአቅም በላይ ነው። ለፍስክ የተለየ ድስት፣ ጭልፋ፣ መክተፊያና ቢላዋ ይኑር፤ ፍሪጅ ውስጥ የታችኛው መደርደሪያ የእሱ ይሁን፤ ያበሰለው ያጥባል። በምላሹ አንቺ ደግሞ ስለ ሳህኑ አስተያየት አትስጪ፤ ረጅም ትንፋሽና ፊት ማዞርም ንግግር ነው። የቤተሰብ ማዕድ ግን አይለያይ። ማታ ሽሮውን ወይም ምስሩን ለሁሉም ሥሪ፣ አብራችሁ ብሉ፤ እሱ ሥጋ ካማረው በሌላ ሰዓት ይብላ። ማዕዱ የተለየበት ቤት ሌላውን ሁሉ ለመለየት ጊዜ አይፈጅበትም።

ጠቡ ለምን አሁን ባሰ? ልጅሽ 7 ዓመት ሞልቶታል፤ በኦርቶዶክስ ቤተሰብ ልጅ ጾም የሚጀምርበት ዕድሜ ነው። አባትየውም ይህን ያውቃል። ምናልባት የሥዕሉ ጉዳይ ከዚህ ፍርሃት ጋር የተያያዘ ነው፦ «ልጆቼ የማን ይሆናሉ?» የሚል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 27 ልጅን በእምነት የማሳደግን መብት ለወላጆች ይሰጣል፤ ለአንዳቸው ብቻ አልሰጠም። ስለዚህ ጾሙንም፣ የእሑድ ጠዋቱንም ሁለታችሁ ልጆቹ በሌሉበት ተነጋግራችሁ ወስኑ፤ ካልተስማማችሁ እስክትስማሙ ድረስ የቀድሞው ይቀጥል። ልጁን «ከማን ጋር መሄድ ትፈልጋለህ?» ብላችሁ አትጠይቁት። ለትልቅ ሰው ነፃነት የሚመስል ጥያቄ ነው፤ ለ7 ዓመት ልጅ ግን አንዱን ወላጅ አስቀይም ማለት ነው። ሲጠይቅሽ «አባባ እንዲህ ያምናል፣ እኔ እንዲህ አምናለሁ፤ ሁለታችንም እንወድሃለን» ይበቃዋል።

«መናፍቅ» ያልሽው ደግሞ የአንቺ ዕዳ ነው፤ ተናድጄ ነው ብሎ አያልፍም። በልጆቹ ፊት ስለተባለ ይቅርታውም በእነሱ ፊት ይሁን። «አባታችሁን የሚያዋርድ ቃል ተናግሬያለሁ፤ ትክክል አልነበረም» በይና እዚያው አቁሚ። «ግን እሱም…» ከተከተለ ይቅርታው ክስ ይሆናል።

ንግግሩን በረሃብና በድካም ሰዓት አትጀምሪ፤ በጾም ቀን ከሆነ ከበላሽ በኋላ፣ ልጆቹ ሲተኙ ይሁን። 30 ደቂቃ፣ አንድ ጉዳይ ብቻ። «አንተ ድሮም ለእምነቴ ክብር የለህም» ብለሽ ከጀመርሽ እሱ ራሱን ከመከላከል ሌላ ሥራ አይኖረውም። ይልቅ «ሥዕሉን ሳትነግረኝ ስታወርደው ቤቱ የእኔ መሆኑ የቀረ መሰለኝ። ወደ ቦታው መልሰው፤ ከዚያ አብረን እንወስን» በይው። ከዚያ እሱ የሰማውን በራሱ ቃል ይድገም፤ ቀጥሎ ተራው የእሱ ነው፣ አንቺ ትደግሚያለሽ። ልብሽ ሲመታ ከተሰማሽ የእጅሽን ትርታ ለ15 ሰከንድ ቁጠሪ፤ ከ25 ካለፈ በደቂቃ ከ100 በላይ ነው፣ በዚያ ሁኔታ ሰው መስማት ይሳነዋል። «ከ20 ደቂቃ በኋላ እንቀጥል» ብለሽ ተነሺ፤ ሰዓቱ ሲደርስም ተመለሺ። ሳይመለሱ መቅረት ያው የቀድሞው ዝምታ ነው።

የተስማማችሁበትን ጽፋችሁ ለ6 ሳምንት ሞክሩት። ብዙውን ጊዜ የሚፈርሰው ዘመድ ሲመጣ ነው፦ እናትሽ በበዓል፣ የእሱ የጸሎት ወዳጆች በአዘቦት። አንቺ ቤት ማኅበር ከተቀበልሽ ቀኑን ቀድመሽ ንገሪው፤ እሱም የጸሎት ቡድኑን ሲጋብዝ እንዲሁ ያድርግ። በተቸገራችሁ ቁጥር ጉዳዩን ገልብጣችሁ ጠይቁ፦ «ይህንኑ አንተ ብታደርገው እኔ እቀበል ነበር?»

በደብዳቤሽ አላነበብኩትም፤ ግን ቢመታሽ፣ ቢያስፈራራሽ፣ ቤተ ክርስቲያን እንዳትሄጂ ቢከለክልሽ ወይም እምነትሽን እንድትለውጪ ገንዘብ ቢነፍግሽ ከላይ ያልኩት ሁሉ አይሠራም። ያኔ ለምታምኛቸው ሰዎች መናገርና ከአደጋው መራቅ ይቀድማል።

ሁለት ጊዜ ሞክረሽ ለንግግር እምቢ ካለ ሦስተኛ ሰው አስገቡ። የአንቺን የነፍስ አባት ወይም የእሱን ፓስተር ብቻውን አታድርጉት፤ የቱም ቢመጣ ሌላው ተሰብስበው መጡብኝ ይላል። ከሁለቱም ወገን አንዳንድ ሽማግሌ፣ ወይም ሁለታችሁንም የማያውቅ የጥንዶች አማካሪ ይሻላል። ቀጠሮውን ስትይዢም ለባለቤትሽ አስቀድመሽ ንገሪው፤ እንደ ሥዕሉ ተደርጎ እንዳይጠብቀው።