ሮም በጀርባ ቦርሳ፦ የሚከፈልበት ቦታ በቀን አንድ ይበቃል

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን አየሁት። አራት ጓደኛሞች ሆናችሁ ሐምሌ ላይ ከጀርመን ወደ ሮም ልትሄዱ ነው፤ ቦርሳ በጀርባ፣ አራት ቀን፣ በጀቱም ጠበብ ያለ። «የት እንደር፣ ምን እንይ፣ ብሩስ ይበቃናል ወይ» ነው ያልሽው። እኔም ከጓደኞቼ ጋር እንደ እናንተ ቦርሳ አዝዬ ሄጃለሁ፤ ከዚያ ወዲህም ተመላልሼባታለሁ። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ።

ዋናውን ላስቀድም። የለጠፍሽውን ዕቅድ አየሁት፤ በቀን አምስት ቦታ ይዛችኋል። ቀንሱት። የሚከፈልበት ቦታ በቀን አንድ ብቻ ይሁን፣ ቀሪው በእግር ይታይ። ሮም ላይ ከሚያስደንቀው ነገር ብዙው በነጻ ነው፤ አደባባዩ፣ ፏፏቴው፣ ቤተ ክርስቲያኑ። ሁሉንም እንይ ብላችሁ ከሰልፍ ሰልፍ ስትሮጡ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ነው የሚሆነው።

ማደሪያ፦ ሆስቴል ተርሚኒ የሚባለው ዋናው ባቡር ጣቢያ አካባቢ ብዙ አለ፣ ዋጋውም ከመሃል ከተማው ይሻላል። ኤ እና ቢ የሚባሉት ሁለቱ የሜትሮ መስመሮች የሚገናኙት እዚያው ነው። በአውቶቡስ ከመጣችሁ ብዙውን ጊዜ የምትወርዱት ቲቡርቲና የሚባለው ጣቢያ ነው፣ ከዚያ ተርሚኒ በሜትሮ ቅርብ ነው። ከአልጋው ዋጋ ሌላ የከተማው ግብር በሰው በአዳር ይጨመራል፤ አንዳንዱ ሆስቴል ስትገቡ በካሽ ይጠይቃል፣ በጀታችሁ ውስጥ ከአሁኑ አስገቡት። ወጥ ቤት ያለውን ሆስቴል ምረጡ። ቁርስና አንዳንድ እራት ራሳችሁ ከሠራችሁ የሚተርፈው ገንዘብ ቀላል አይደለም።

የጀርባ ቦርሳ መያዛችሁ ትክክል ነው። የድሮው ከተማ መንገድ አብዛኛው ኮብልስቶን ነው፣ ጎማ ያለው ሻንጣ እዚያ ላይ መጎተት ስቃይ ነው። ግን ትልቁን ቦርሳ ይዛችሁ ኮሎሲየም አትሂዱ፤ አያስገቡም፣ የሚያስቀምጡበትም ቦታ የለም። ሆስቴል ተዉትና ትንሽ ቦርሳ ይዛችሁ ውጡ። የኮሎሲየም ትኬት ስም የተጻፈበት ስለሆነ መታወቂያ ወይም ፓስፖርት ሁላችሁም ያዙ። ትኬቱን ቀደም ብላችሁ ከራሱ ድረ ገጽ ግዙ፤ አጠገቡ ያሉትን ጥንታዊ ፍርስራሾች፣ ፎረሙንና ፓላቲኖ ኮረብታን፣ አብሮ ያስገባል። ያን ቀን ሌላ የሚከፈልበት ነገር አትጨምሩ፣ እነዚህ ሦስቱ ብቻ ግማሽ ቀን በደንብ ይፈጃሉ።

ሙቀቱን አትናቁት። በሐምሌ ቀትር ላይ ሮም ውስጥ መሄድ ያደክማል። በጠዋት ተነሱ፣ አንድ ሰዓት ላይ መንገድ ላይ ሁኑ። ትሬቪ ፏፏቴን በዚያ ሰዓት ብታዩት ቆማችሁ ውኃውን ትሰማላችሁ፤ ቀን ላይ የምታዩት የሰው ጀርባ ነው። ስድስትና ሰባት ሰዓት ሲሆን ጥላ ፈልጉ። ብዙ አብያተ ክርስቲያናትም በዚያ ሰዓት ይዘጋሉ፤ ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ገደማ ይከፈታሉ። እስፓኒሽ ስቴፕስ የሚባለው ደረጃ ላይ ግን ለማረፍ እንዳትቀመጡ፤ ከ2019 ጀምሮ ክልክል ነው፣ ያስቀጣል (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው)።

የታሸገ ውኃ አትግዙ። በየመንገዱ ናሶኒ የሚባሉ የብረት ቧንቧዎች አሉ፣ በከተማው ከ2,000 በላይ ናቸው፣ ቀን ከሌት ቀዝቃዛ ንጹሕ ውኃ ያወርዳሉ። ጠርሙሳችሁን ከታች ሙሉ። ለመጠጣት ከፈለጋችሁ ደግሞ የቧንቧውን አፍ በጣታችሁ ድፈኑት፤ ላዩ ላይ ትንሽ ቀዳዳ አለች፣ ውኃው በእሷ ወደ ላይ ይወጣና ሳትጎነበሱ ትጠጣላችሁ።

ምግብ ላይ ሕጉ ቀላል ነው። ኮሎሲየም ወይም ትሬቪ እየታየ የሚበላበት ቦታ አትቀመጡ። ሁለትና ሦስት መንገድ ግቡና በሚዛን ተቆርጦ የሚሸጠውን ፒዛ ብሉ፤ የምትፈልጉትን ያህል በእጃችሁ ታሳያላችሁ፣ ይቆርጣሉ፣ መዝነው ያሞቁላችኋል። ረቡዕና ዓርብ የምትጾሙ ካላችሁ ማሪናራ በሉ፤ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርትና ኦሬጋኖ ነው፣ አይብ የለበትም። ቡና ባንኮኒው ላይ ቆማችሁ ጠጡ። ተቀምጣችሁ ከጠጣችሁት ብዙ ቦታ ዋጋው እጥፍና ከዚያም በላይ ይሆናል። እንጀራ ካማራችሁ ደግሞ ተርሚኒ አካባቢ የሐበሻ ምግብ ቤት አይጠፋም።

አሁን በነጻ ስለሚታየው። ፓንቴዎን ከሚባለው የጥንት ቤተ መቅደስ አጠገብ ሳን ሉዊጂ ዴይ ፍራንቼዚ የሚባል ቤተ ክርስቲያን አለ። በግራ በኩል ወደ መጨረሻው ሂዱ፣ ሠዓሊው ካራቫጆ ስለ ቅዱስ ማቴዎስ የሣላቸው ሦስት ሥዕሎች እዚያ ናቸው። ቦታው ጨለም ያለ ነው። እኛ ስንሄድ ከጓደኞቼ አንዷ ሳጥኑ ውስጥ ሳንቲም ጨመረች፣ መብራቱ በራ፣ ቀራጩ ማቴዎስም ከነገንዘቡ ጠረጴዛው ላይ ቁጭ ብሎ ታየን። ክርስቶስ ከቀኝ በኩል እጁን ዘርግቶ ይጠራዋል፣ ብርሃኑም ከዚያው ወገን ይመጣል። አንዱ ልጅ ግን አንገቱን ሰብሮ ሳንቲሙን ነው የሚቆጥረው፣ ቀና አይልም። ይሄን ሥዕል ያለ ሰልፍና ያለ ክፍያ ማየት በሌላ ከተማ የማይታሰብ ነው። ፓንቴዎን እንኳ ከ2023 ጀምሮ ያስከፍላል፣ ሲጀምር 5 ዩሮ ነበር፤ ግን ይገባዋል፣ ጣሪያው መሃል ክፍት ነው፣ ሲዘንብ ውኃው ውስጥ ይገባና በወለሉ ቀዳዳዎች ይወርዳል።

ቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን መግቢያው ነጻ ነው። ጉልላቱ ላይ መውጣት ግን ይከፈልበታል፣ ደረጃው እስከ ላይ 551 ነው። ትከሻና ጉልበት መሸፈን ግድ ነው፤ ነጠላ ያዙ፣ ቀላል ነው፣ ለፀሐዩም ይሆናል። የቫቲካን ሙዚየም በወሩ የመጨረሻ እሑድ በነጻ ያስገባል፣ ለሐምሌ ግን አልመክርም፤ ሰልፉ ፀሐይ ላይ ነው። ከቅዱስ ጴጥሮስ ጀርባ፣ እዚያው ቫቲካን ውስጥ፣ የኛ አባቶች ይኖሩበት የነበረው ቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን አለ። አባ ተስፋ ጽዮን የግዕዙን ሐዲስ ኪዳን በ1548 እና 1549 ሮም ላይ ሲያሳትሙ መኖሪያቸው ያ ነበር። እንደ ልብ አይገባበትም፣ ግን እዚያ መኖሩን አውቃችሁ ሂዱ።

ይሄን የምለው ሮም ለኛ እንደ ማንኛውም ከተማ ስላልሆነች ነው። ከኮሎሲየም በእግር ወደ ቺርኮ ማሲሞ ሜትሮ ውረዱ። የፋኦ (የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት) ሕንፃ ፊት ለፊት ያለው አደባባይ የአክሱም ሐውልት ከ1937 ጀምሮ ቆሞበት የነበረ ነው። ሕንፃው ራሱ ለጣሊያን ቅኝ ግዛት ሚኒስቴር ታስቦ የተጀመረ ነበር። ሐውልቱ በ2005 ሦስት ቦታ ተከፍሎ በአውሮፕላን አገሩ ገባ፣ በ2008 አክሱም ላይ ተተከለ። ቦታው ላይ ቆሜ ዙሪያውን ሳይ የተሰማኝ ደስታ ነው፣ ወስደው ያቆሙት ነገር አሁን የለም። ከተርሚኒ ፊት ለፊት ያለው የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ደግሞ ስሙን ያገኘው በ1887 ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር ካለቁት ጣሊያኖች ነው። ከእሱ ትንሽ አለፍ ብሎ መታሰቢያቸው አለ፣ ከግብፅ የመጣ ሐውልት ተክለውበታል። ከአዲስ አበባ የተዘረፈውን የይሁዳ አንበሳም እዚያው አቁመውት ነበር፤ ዘርዓይ ደረስ በ1938 ጎራዴውን የመዘዘው እዚህ ነው። አንበሳው ዛሬ ለገሃር ነው። ሆስቴላችሁ ተርሚኒ ከሆነ ደግሞ መታሰቢያው ደጃችሁ ላይ ነው፣ ሳታዩ አትመለሱ።

ስለ ጓደኝነቱ አንድ ነገር። ሰው መንገድ ላይ የሚጣላው በገንዘብ ብቻ አይደለም፤ እግር ሲደክምና ሆድ ሲራብ ነው። በየጠዋቱ እኩል አዋጡና ገንዘቡ አንድ ሰው ጋ ይሁን፤ ቡና፣ ፒዛ፣ ትኬት ሁሉ ከዚያ ይከፈል። ጠዋት አብራችሁ ዋሉ፣ ከሰዓት በኋላ ማረፍ የፈለገ ይረፍ፣ መዞር የፈለገ ይዙር። ማታ ትራስቴቬሬ የሚባለው ሰፈር፣ ሳንታ ማሪያ አደባባይ ያለው ፏፏቴ ጋ ተገናኙ፤ ቦታው የማይጠፋ ነው።

ሌባ አለ፣ አልደብቅሽም። በተለይ ከተርሚኒ ወደ ቫቲካን የሚሄደው 64 ቁጥር አውቶቡስና ሜትሮው ሲጨናነቅ ስልክ የኋላ ኪስ አይገባም፣ ቦርሳ ወደ ደረት ይዞራል። የወረቀት ትኬት ከገዛችሁ አውቶቡስ ላይ ማሽኑ ውስጥ አስገቡት፤ ካልተመታ እንዳልከፈላችሁ ነው የሚቆጠረው፣ ቅጣቱም ያማል። በባንክ ካርድም ይከፈላል፣ ግን እያንዳንዳችሁ በየራሳችሁ ካርድ ንኩ።

የምታርፉበትን ሰፈር ስትወስኑ ጻፊልኝ፣ የመጀመሪያውን ቀን መንገድ ከዚያ ተነስቼ በእግር አወጣላችኋለሁ።